ለከረመ የወገብ ሕመም ጡንቻን በጀሪካን ማጠንከር

የምኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወገቡን ለታመመ ሰው የመጀመሪያው ምክር «ጀሪካን እንዳትነኪ» የሚል ነው። እኔም ለወራት አልነካሁም። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ጭራሽ ደረጃው ራሱ ከበደኝ። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይደክማል፣ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ትንሽ ሥራ ሲያገኘው ያማል።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ይይዎት። ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎ ወይም እግርዎ እየዛለ ከሄደ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

በወንበር ይጀምሩ። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሱ፤ ከዚያ እስከ 3 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ዋናው ሥራ አቀማመጡ ላይ ስለሆነ ዘፍ አይበሉ። 8 ጊዜ ሠርተው ትንሽ ያርፉና ይድገሙት። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ ጉልበት ይከብዳል።

ቀጥሎ ምንጣፍ ላይ በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ዳሌዎን 8 ጊዜ ያንሱ። ትንፋሽዎን አይያዙ፤ በተለይ የደም ግፊት ካለብዎ።

አሁን ጀሪካኑ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ሚዛን አያስፈልግዎትም። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች ውስጥ 2 ሊትር፣ 2 ሊትር ይጨምሩና በግራና በቀኝ ይዘው፣ ቀጥ ብለው ኮሪደሩ ላይ 20 እርምጃ ይራመዱ። ይህን ሁሉ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ቀን እያሳለፉ ይሥሩ። ሲቀልዎት ግማሽ ሊትር ይጨምሩ።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎ አይደንግጡ፤ ሕመም ሁልጊዜ የጉዳት ምልክት አይደለም። ሕመሙን ከ0 (ምንም የለም) እስከ 10 (በጣም ከባድ) ቁጥር ሲሰጡት ከ4 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ካልተመለሰ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። እኔ 4 ሊትር ስደርስ በማግስቱ ካልሲ ለማጥለቅ መጎንበስ አቃተኝ። ወደ 3 ሊትር ተመለስኩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ 4ቱን ያለ ችግር ያዝኩ።

ለውጡን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይስጡት። ሕመሙ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ እኔም ወገቤን አሁንም አልፎ አልፎ ያመኛል፣ ውሃዬን ግን ራሴ አወጣለሁ፤ 20 ሊትሩን በሁለት ጀሪካን ከፍዬ፣ 10 በግራ፣ 10 በቀኝ።