የገቢ ማሰባሰቢያ ግብዣው ደምቆ ካዝናው ባዶ ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

አዳራሹ ሞልቷል፣ ፎቶው አምሯል፣ እንግዳው "በጣም ቆንጆ ፕሮግራም ነበር" ብሎ አጨብጭቦ ሄዷል፣ በማግስቱ ሂሳብ ሲሰራ ግን አጨብጭባችሁ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔም ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ካየሁት ተነስቼ ችግሩን ከነመንስኤው ልንገራችሁ።

ትኬቱ አልቋል፣ ትርፍ ግን የለም

ትኬቱ የድግሱን ወጪ ነዋ የሚሸፍነው። እስቲ በቁጥር እንየው። 200 ሰው ጠራችሁ፣ እራት፣ አዳራሽ፣ ሳውንድ፣ ዲኮር፣ ህትመት ተደምሮ ሲካፈል በአንድ ሰው 80 መጣ፣ ትኬቱን 100 አላችሁት። በወረቀት ላይ 4,000 ይተርፋል። ከዛ ቦርዱ "እገሌን ካልጋበዝንማ ነውር ነው" እያለ 30 ሰው በነጻ ያስገባል፣ ከፋዩ 170 ሆነ፣ የገባው 17,000፣ የወጣው 16,000፣ የቀረው 1,000። ያን ሁሉ ወር ተለፍቶ!

ትኬት ማስወደድ ብቻውን አያድንም። ወጪውን ስፖንሰር ይቻለው። እኔ አሁን የምከተለው ህግ ቢያንስ የወጪው ግማሽ በስፖንሰር በጽሁፍ ሳይረጋገጥ ለአዳራሽ ቀብድ አለመክፈል ነው። ድርጅቶች የዓመት በጀታቸውን ከደለደሉ በኋላ ሄዳችሁ ብታንኳኩ "ለሚቀጥለው ዓመት ኑ" ነው የሚሏችሁ፣ ስለዚህ ቀኑ ሳይቆረጥ ነው መጀመር ያለበት። ጥሬ ገንዘብ የለኝም ያለውን ህትመቱን ወይ ሳውንዱን እንዲችል ጠይቁት። የነጻውን ሊስት ደግሞ ለቦርዱ ስታቀርቡ ከእያንዳንዱ ስም ጎን 80 ብላችሁ ጻፉበት፣ ሊስቱ በራሱ ጊዜ ያጥራል።

ጨረታው ላይ ዕቃው በርካሽ ይሄዳል

ዕቃው በዝቷል። 200 እንግዳ ማለት 200 ተጫራች ማለት አይደለም፣ ባልና ሚስት ከአንድ ኪስ ነው የሚጫረቱት፣ ስለዚህ 100 ኪስ ይዛችሁ 60 ዕቃ ብትደረድሩ እርስ በርስ የሚፎካከር ሰው አይገኝም። ቀንሱት። መድረክ ላይ የሚጫረተውን ከ5 ወይ 6 አታስበልጡት፣ እሱም ሱቅ ሄዶ የማይገዛ ነገር ይሁን። አንድ ወጥመድ አለ፣ "ካልተሸጠ ትመልሱታላችሁ" ተብሎ የሚሰጥ ዕቃ ወይም የጉዞ ፓኬጅ መነሻ ዋጋው ለባለቤቱ ነው የሚመለሰው፣ ለእናንተ የሚቀረው ከዛ በላይ ያለው ብቻ ነው። 1,000 ተሸጠ ብሎ ሰው ሲያጨበጭብ መነሻው 900 ከነበረ ያገኛችሁት 100 ነው።

"ቃል ግቡ" ሲባል አዳራሹ ጸጥ ይላል

ዋናው ገንዘብ ያለው እንግዳው እጁን አውጥቶ "ይህን ያህል እሰጣለሁ" በሚልበት በዚህ ሰዓት ነው፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚሁ። አንድ ጊዜ እኛ ጋ አራት ሰው ተራ በተራ ንግግር አደረገ፣ የመጨረሻው ብቻውን 25 ደቂቃ ወሰደ፣ ልመናው ሲጀመር ጣፋጩ ተበልቶ አልቆ ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ የቀረው የተጣጠፈ ናፕኪን ነበር። ያ አልበቃ ብሎ ኤምሲው (መድረክ መሪው) ከትንሹ ብር ጀመረ፣ ትልቅ ሊሰጥ የመጣውም ትንሿን ላይ እጁን አውጥቶ ተገላገለ፣ አንዴ እጁን ያወጣ ሰው ደግሞ ድጋሚ አያወጣም።

ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። የላይኛው እርከን ላይ እጅ የሚያወጣው ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ቡና ላይ ተነጋግራችሁ "እሺ" ያለ ሰው ይሁን፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው እጅ ካልወጣ ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል። የሚችል ለጋሽ ካገኛችሁ "ሌሎቻችሁ የሰጣችሁትን ያህል እጨምራለሁ" እንዲል አድርጉ። ልመናው ከአንድ ሰው አጭር ታሪክ ቀጥሎ ወዲያው ይምጣ፣ መሃል ላይ ሙዚቃ እንኳን አታስገቡ። ታሪኩን ባለቤቱ ፈቅዶና ተዘጋጅቶ ይንገረው፣ ህጻን መድረክ ላይ አቁሞ ማስለቀስ ግን ይቅርባችሁ፣ አሳፋሪ ነው።

መብራቱንም አትርሱ። ለስሜት ተብሎ አዳራሹ ይጨልማል፣ ከዛ እንግዳው ቃል ሲገባ ከፍ አድርጎ የሚያሳየውን የመለያ ቁጥር የሚመዘግበው ልጅ 47 ይሁን 41 አይታየውም። በዛች ሰዓት መብራት ይብራ፣ መዝጋቢ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ ኤምሲውም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ።

ቃል የገቡት የውሃ ሽታ ሆኑ

የዛኑ ማታ ኪውአር ኮድ ወይም ፎርም ጠረጴዛው ላይ ይኑር፣ በማግስቱ ደውሉ። ወር ቆይታችሁ ስትደውሉ "የቱ ፕሮግራም?" ይሏችኋል፣ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ አመስግኑ ከዛ ስለ ክፍያው አውሩ፣ የሚደውለውም ጋባዣቸው ይሁን እንጂ የማያውቁት ሰራተኛ አይሁን።

"ዘንድሮም ያው ነው"

እንግዳው ቀነሰ ማለት ሰልችቶታል ማለት ነው፣ ኮሚቴው ግን የጠረጴዛ ጨርቅ ቀለም ላይ ነው ሁለት ስብሰባ የሚጨርሰው። ሰው የሚሰለቸው ቅደም ተከተሉን ነው፣ ንግግር፣ ሽልማት፣ እራት፣ ንግግር። ሽልማቱን ከፕሮግራሙ አውጡት፣ የመድረኩን ክፍል ከ60 ደቂቃ አታሳልፉት፣ ከፈለጋችሁ ወንበር የሌለው የቁም ዝግጅት አድርጉት ወይ ቀን ላይ አምጡት፣ ወጪውም ይቀንሳል። ከሁሉ የሚሻለው ስራችሁን አዳራሹ ውስጥ ማስገባት ነው። ለምሳሌ ስራችሁ የዓይን ህክምና ከሆነ እንግዳው ሲገባ ዓይኑ እንደታመመ ሰው ብዥ አድርጎ የሚያሳይ መነጽር አድርጎ ሜኑውን ለማንበብ ይሞክር፣ ከዛ በኋላ የምታደርጉትን ንግግር ግማሹን መሰረዝ ትችላላችሁ።

ሁሉን ሞክራችሁ ስፖንሰሩ ካልመጣ

እንግዲያው አትደግሱ። ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ከሆነ የሚያሳጣችሁ ነገር የለም። ከአምናው ሊስት ላይ ብዙ የሰጡትን 20 ሰዎች አውጡና አንድ በአንድ ሄዳችሁ አናግሯቸው፣ ወጪው የታክሲና የሻይ ነው፣ ከነሱ መሃል ሁለቱ "ለሚቀጥለው ግብዣ እኔ አለሁበት" ካሉ ያኔ አዳራሽ ፈልጉ።