የመስኮት አበባ ሲተክሉ ቢምቢና ጉንዳን ወደ ቤት የሚያስገቡ ስህተቶች

ነፍሳትን ወደ መስኮት የሚጠራቸው ከአበባው ይልቅ ውሃውና አፈሩ ነው። ስህተቱም የሚበዛው እዚያው ላይ ነው።

ከአበባው ሳጥን ስር ያለውን ሳህን ውሃ ደፍቶ ብቻ መተው። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ለቢምቢ እጭ ከሳጥኑ ስር ያለው ሳህን የያዘው ትንሽ ውሃ ይበቃዋል፤ በሞቃት አገር ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢፈጅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተከሰተውን ዓይነት የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ቢምቢ ቀን ቀን ትናደፋለች፤ እንቁላሏን ደግሞ ከውሃው ከፍ ብላ በሳህኑ ጎን ላይ ትለጥፋለች። ያ እንቁላል ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሳህኑን፣ በተለይ ጠርዙን፣ በብሩሽ ፈትገው ይጠቡ። ወይም ሳህኑን እስከ አፉ አሸዋ ይሙሉት፤ ውሃው አሸዋው ውስጥ ስለሚሰርግ ቢምቢ እንቁላል የምትጥልበት አታገኝም።

በየቀኑ ማጠጣት። ከአፈሩ ብድግ እያሉ ፊት ላይ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች የሚራቡት ርጥበት በማይለየው የአፈር ገጽ ላይ ነው። ጣትዎን ይስደዱ፤ ላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር ሳይደርቅ አያጠጡ። ከስር ጠጠር መደርደርም ውሃውን አያስወጣም፤ እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ። የሚረዳው በሳጥኑ ወለል ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው። ያልበሰለ ፍግም አይጨምሩ፤ ዝንብ ይሰበስባል።

ቢምቢ ያባርራሉ ብሎ በጠጅ ሳርና በጤና አዳም መተማመን። ሽታው ያለበት ዘይት ቅጠሉ ካልታሸ በብዛት አይወጣም። ቢምቢ ቅጠሉ አጠገብ አልፋ ትገባለች።

ጉንዳኑን ብቻ ማባረር። ጉንዳን ሳጥኑ ላይ ከተሰለፈ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) አለ። ጉንዳኑ የሚመላለሰው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው በማለዳ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፤ በ5ኛው ቀን ይድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ፍሊት ደግሞ ፈጽሞ አይረጭም፤ ጤና አዳሙ ነገ ቡና ሲኒ ውስጥ ይገባል። መስኮቱን የሚነካ ቅርንጫፍ ካለም ይቁረጡት፤ ለጉንዳን ድልድይ ነው።

ምሽት ላይ የመስኮቱን ወንፊት ከፍቶ ማጠጣት። የወባ ትንኝ ወደ ቤት የምትገባው ሲመሽ ነው። ጠዋት ያጠጡ። የወንፊቱ ቀዳዳ ከ1.2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ዙሪያውንም በጣት እየዳሰሱ ይፈትሹት፣ የላላ ማዕዘን አንድ ብቻ ቢኖር ለቢምቢ በር ነው።