የፕሮቲን የጀርባ አጥንት በስክሪን ላይ ሲቆራረጥ፣ ሲጠፋ ወይም ሲቀጥን፦ ችግሩና መፍትሄው

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ክፍል የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎችን ሳግዝ ከሁሉ ይበልጥ የሚደጋገምብኝ ጥያቄ «ፕሮቲኑ ለምን ተበጣጠሰ?» የሚለው ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፕሮቲኑን በስክሪን የሚስለውን ሶፍትዌር አጥፍቶ እንደገና ከጫነና ለዚያም የኢንተርኔት ጥቅሉን ከጨረሰ በኋላ ነው። ይሁንና ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ካርቱን የምንለው ሪባን፣ ማለትም የጀርባ አጥንቱን (የአሚኖ አሲዶቹን ዋና ሰንሰለት) የሚያሳየው ጥብጣብ፣ ሶፍትዌሩ ፋይሉን አንብቦ የሚስለው ትርጓሜ እንጂ ፎቶግራፍ ስላልሆነ፣ ቅንብር ከመነካካት በፊት «አቶሞቹ በፋይሉ ውስጥ አሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የእያንዳንዱን አቶም ቦታ የሚይዘው የፒዲቢ ፋይል ተራ ጽሑፍ በመሆኑም ይህን በኖትፓድ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉትን ትእዛዞች እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ የፕሮቲን ማሳያ ሶፍትዌር በሆነው በፓይሞል ሲጻፉ ግን የቅንብር ስም ቃላት በስር ሰረዝ እንደሚያያዙ ያስታውሱ።

ሪባኑ መሀል ላይ ተቆርጧል

የመጀመሪያው ምክንያት የተቆረጠው ክፍል ከመነሻውም በፋይሉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። በኤክስሬይ በተጠና ክሪስታል ውስጥ ልል የሆነና የሚወዛወዝ የሰንሰለቱ ክፍል የኤሌክትሮን ጥግግቱ (የአቶሞቹ ቦታ የሚነበብበት ካርታ) ስለሚደበዝዝ፣ ተመራማሪዎቹ አቶሞቹን የት እንደሚያስቀምጡ መወሰን ሲያቅታቸው ያንን ክፍል ይተዉታል። ፋይሉን ከፍተው «ሪማርክ 465» የሚለውን ክፍል ይፈልጉ፤ ያልታዩት አሚኖ አሲዶች በዚያ ተዘርዝረዋል። አሚኖ አሲዱ ኖሮ ጥቂት አቶሞቹ ብቻ የጎደሉ እንደሆነ ደግሞ ዝርዝሩ በ«ሪማርክ 470» ይገኛል። አዳዲሶቹ የፓይሞል ቅጂዎች እንዲህ ያለውን ክፍተት በተቆራረጠ መስመር ያገናኙታል፤ መስመሩን ካልፈለጉ «ሴት ካርቱን ጋፕ ከትኦፍ፣ 0» ይበቃል። እኔ በበኩሌ መስመሩ እንዲቀር ባልቃወምም፣ ሰንሰለቱ በእውነት በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ ስላልሆነ፣ ምስሉ በጽሑፍ ሲወጣ ይህ ከሥሩ መገለጽ አለበት እላለሁ። ክፍተቱን በሙሉ ሪባን መሙላት የሚፈልግ ሰው ግን ጉዳዩ የማሳያ ሳይሆን የሞዴሊንግ ሥራ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው ምክንያት በራሳችን እጅ የሚመጣ ነው። ከኮዬ ፈጬ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ (የፕሮቲን ውቅሮች ከሚቀመጡበት ማከማቻ) ያወረደችው ፕሮቲን ጥርሱ የወለቀ ማበጠሪያ መስሎባት መጣች። «ሪማርክ 465»ን ብናይ የጎደለ የለም። ከዚያ ክፍተቶቹን ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ ጋር አንድ በአንድ ስናስተያይ ሁሉም ሜቲዮኒን ሊኖርበት በሚገባ ቦታ ላይ ሆነው ተገኙ። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልን፤ ውሃውን ለማጽዳት ብላ «ሪሙቭ ሄትአተም» የሚል ትእዛዝ ሰጥታ ነበር። በዚያ ፕሮቲን ውስጥ በሜቲዮኒን ፈንታ የገባው፣ በሰልፈር ቦታ ሴሊኒየም የያዘው ሴሊኖሜቲዮኒን ነው፤ እርሱም በፋይሉ ውስጥ ከውሃውና ከሊጋንዱ (ከፕሮቲኑ ጋር ከተጣበቀው ሞለኪውል) ጋር «ሄትአተም» (ከመደበኛ የሰንሰለት አባላት ውጭ ያለ አቶም) ተብሎ ስለሚመዘገብ አብሮ ተጠርጓል። መፍትሄው ፋይሉን እንደገና ከፍቶ «ሪሙቭ ሶልቨንት» ማለት ነው፤ ይህ ውሃውን ብቻ ያነሳል።

ከነጠብጣብ ወይም ከትናንሽ መስቀሎች በቀር ምንም አይታይም

እ.ኤ.አ. በ1971 በተመሠረተው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ካሉ ቀደምት ፋይሎች መካከል አልፋ ካርቦኖችን፣ ማለትም በየአሚኖ አሲዱ የጎን ሰንሰለቱ የሚያያዝባቸውን ካርቦኖች፣ ብቻ የያዙ አሉ። በሁለት ተከታታይ አልፋ ካርቦኖች መካከል ያለው ርቀት እንደ ወትሮው 3.8 አንግስትሮም ያህል ሲሆን፣ በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለው ነጠላ ትስስር ግን 1.5 አንግስትሮም ገደማ ነው። ስለዚህ ትስስርን ከርቀት የሚገምት ሶፍትዌር አቶሞቹን አያገናኛቸውም፤ ናይትሮጅኑና ኦክስጅኑ ስለሌሉም የሪባኑን አቅጣጫ ሊያሰላ አይችልም። በፓይሞል «ሴት ካርቱን ትሬስ አተምስ፣ 1» ይበሉ፤ ለቀጭኑ ሪባን ደግሞ «ሪባን ትሬስ አተምስ» የሚለውን በተመሳሳይ መንገድ ያብሩ። እንደ ፓይሞል ካሉት ሌሎች ማሳያዎች፣ በቪኤምዲ «ትሬስ» የሚለውን አሳሳል መምረጥ፣ በራስሞል ደግሞ «ባክቦን» ማለት በቂ ነው።

ፋይሉን በእጅ ያረመ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈትሽ። የአልፋ ካርቦንም የካልሲየምም ምህጻር «ሲኤ» በመሆኑ በፒዲቢ ፋይል ውስጥ የሚለያቸው የአምድ ቦታ ነው፤ አልፋ ካርቦን ከ14ኛው አምድ፣ ካልሲየም ከ13ኛው ይጀምራል። በመስመሩ ጫፍ በ77ኛውና በ78ኛው አምድ የሚጻፈው የንጥረ ነገሩ ምልክት ከጠፋና ስሙም አንድ ቦታ ወደ ግራ ከተንሸራተተ፣ ሶፍትዌሩ ካርቦኑን ካልሲየም ብሎ ሊያነበው ይችላል። ፒዲቢን በኤክሴል ከፍቶ መልሶ ማስቀመጥን አጥብቄ የምከለክለው ለዚህ ነው።

ሂሊክሱ ሳይጠመዘዝ ቀጭን ክር ሆኖ ወጣ

ፋይሉ ሂሊክስ (ጠመዝማዛው ክፍል) እና ሺት (ዝርጉ ክፍል) የት እንደሚገኙ የሚናገሩ መስመሮች የሉትም ማለት ነው፤ ከሲሙሌሽን (የሞለኪውሉን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ከማስመሰል) የወጡ ፋይሎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። በፓይሞል «ዲኤስኤስ»፣ በሌላው ማሳያ በካይሜራኤክስ «ዲኤስኤስፒ» የሚሉት ትእዛዞች ያሰሉታል፤ የስሌት ዘዴያቸው አንድ ስላልሆነ የሂሊክሱ ጫፍ በአንድ ወይም በሁለት አሚኖ አሲድ ቢለያይ አይደንግጡ። ቪኤምዲ ደግሞ አንድ ጊዜ ያሰላውን ይዞ ስለሚቀጥል፣ የሲሙሌሽኑ ፍሬም ሲቀየር ስሌቱን ማደስ የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

የጎን ሰንሰለቶቹ ከሪባኑ ተለይተው ተንሳፈፉ

ፓይሞል የቤታ ሺትን ሪባን ለዓይን እንዲያምር ስለሚያስተካክለው ሪባኑ ከእውነተኛው አልፋ ካርቦን ይርቃል። «ሴት ካርቱን ፍላት ሺትስ፣ 0» ሲሉት ሪባኑ ይጎረብጣል፣ ነገር ግን በአቶሞቹ ላይ ያልፋል። በዱላ መልክ የሳሉት የጀርባ አጥንት ካርቱን ሲበራ የሚሰወር ከሆነ ደግሞ «ካርቱን ሳይድ ቼይን ሄልፐር» በርቷልና ወደ 0 ይመልሱት።

ከዚህ የተለየ ችግር ደግሞ አለ፤ ሂሞግሎቢን አራት ሰንሰለት ሊኖረው ሲገባ ሁለት ብቻ ከታየ፣ የወረደው እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራው አነስተኛ ክፍል ስለሆነ የባዮሎጂካል አሴምብሊውን (ሙሉው ፕሮቲን ያለበትን) ፋይል ያውርዱ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ ወይም ምስሉ ሲዞር ይንቀረፈፋል

ካይሜራኤክስ ኦፕን ጂኤል 3.3 የተባለውን የግራፊክስ ሥርዓት ስለሚፈልግ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ላይነሳ ይችላል፤ መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨሩን ያድሱ፤ ካልሆነም በራስሞል ወይም በጄሞል ይሥሩ። ለትልቅ ውቅር ካርቱኑን ትተው ቀጭኑን ሪባን ይጠቀሙ፤ «ካርቱን ሳምፕሊንግ»ን ዝቅ ማድረግም ያቀለዋል። በእኛ ሰፈር መብራቱ ሳይሰናበት ስለሚሄድ ቅንብሩ እንደተስተካከለ ሥራውን በፓይሞል ሴሽን ፋይል ያስቀምጡ፤ የአቶሞቹ ቦታ በራሱ በሴሽኑ ውስጥ ስለሚቀመጥ መብራት ሲመለስ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።