ስካነሩን ከመክፈታችሁ በፊት ስሙን አስተካክሉ

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው አንዲት የወረዳ ፍርድ ቤት ባልደረባዬ ደውላ «መዝገቦቹን ወደ ኮምፒውተር የምናስገባበት ስካነር ተገዛልን፣ ከየት እንጀምር?» አለችኝ። ያልኳት ይህንን ነው።

በቀጠሮ ላይ ካሉት መዝገቦች ጀምሩ። አለቃ አቧራ የጠገበውን ክምር አጽዱልኝ ማለቱ አይቀርም፤ ባለጉዳይ ግን የሚጠይቃችሁ የነገውን ቀጠሮ ነው። የተዘጉት መዝገቦች ችሎት እስኪዘጋ፣ እስከ ክረምት ይቆዩ።

ትልቁ ጣጣ ስም ነው። እኛ ዘንድ አንዲት እናት የወራሽነት ውሳኔ ግልባጭ ፈልገው መጡ። ሟች ባለቤታቸው ኃይሉ ይባላሉ። «ሀይሉ» ብለን ጻፍን፤ የለም። «ሐይሉ»፤ የለም። «እሱስ ሞተ፣ መዝገቡም ይሙት?» አሉን። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ከመደርደሪያው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አወጣው። ያስገባው ልጅ «ኀይሉ» ብሎት ኖሯል።

ስለዚህ ለስም ሁለት ቦታ ይኑራችሁ። በአንዱ መዝገቡ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ሰነድ ነውና አታርሙት። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ ሐ፣ ኀ፣ ኃ እና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ ይመለሱበት። «ገ/ማርያም»፣ «ገብረማርያም» እና «ገብረ ማርያም» አንድ ስም መሆናቸውንም ፕሮግራሙን ለሚሠራው ልጅ ንገሩት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ለየብቻ ይግቡ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካያችሁ አስቀይሩ።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ፕሮግራሙን ከመረከባችሁ በፊት ጳጉሜን 3ን አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ተረኛ ችሎት በጳጉሜንም ትዕዛዝ ይሰጣል። የመዝገብ ቁጥር ሁለት ሰው ያመሳክር፤ የላይኛው ፍርድ ቤት «የሥር መዝገብ ይቅረብ» ሲል የሚጠራው በቁጥሩ ነው።

በኮምፒውተር የተተየቡ የቆዩ ውሳኔዎች ሌላ ጉድ አላቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ እኛ ዘንድ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ ፎንቶች ይተየብ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ፎንቱን ፈልጋችሁ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስራል፤ ዳኛው ቃል ጽፎ ፈልጎ ማግኘት አለበት፣ ፎቶ ብቻ አይበቃውም።

ስፒሉን ነቅላችሁ ሁለቱንም ገጽ አንሡ። የመጥሪያ አድራሹ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ገጹን ከማንሣታችሁ በፊትም በኋላም ቁጠሩ። በዝግ ችሎት የታየ መዝገብ ለሁሉም ሠራተኛ አይከፈት። ወረቀቱን አታስወግዱ።

መጀመሪያ 20 መዝገብ ብቻ አስገቡ። ከዚያ ያላስገባ ሠራተኛ፣ ባለጉዳይ በቃል እንደሚነግረው አድርጎ፣ በስም ይፈልጋቸው። ሃያውንም ሳያገኝ 21ኛውን አትንኩ።