ሃርድ ዲስክ ተቀይሮ ባክአፑ አልመለስ ሲል

አዲስ ሃርድ ዲስክ አስገብታችሁ የዊንዶውስን ሙሉ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ስትመልሱ ስለ «ባዮስ» እና «ዩኢኤፍአይ» (ኮምፒውተር የሚነሣባቸው አሮጌውና አዲሱ መንገድ) ልዩነት የሚያወራ የስህተት መልእክት ከመጣ፣ ቅጂው ተበላሽቷል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ፋይሎቻችሁ አሉ። ችግሩ ማስነሻ ፍላሹ (ኮምፒውተሩን አስነሥታችሁ ባክአፑን የምትመልሱበት) የተነሣበት መንገድ ነው።

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ የማስነሻ ምርጫውን ክፈቱ፤ በብዙዎቹ ላይ ቁልፉ ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ነው። ያው አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ታዩ ይሆናል፤ አንዱ በስሙ ብቻ፣ ሌላው ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ተጨምሮበት። መልእክቱ ባክአፑ የተሠራው በዩኢኤፍአይ ነው ካለ ሁለተኛውን ምረጡና እንደገና ጀምሩ። የባዮስ ነው ካለ ደግሞ የመጀመሪያውን።

በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ዊንዶውስ ዲስኩን የሚከፋፍለው ጂፒቲ በሚባል ሥርዓት ነው። ፍላሹ በአሮጌው መንገድ ከተነሣ ግን የመመለሻው ፕሮግራም ማሽኑን የባዮስ አድርጎ ስለሚቆጥረው ቅጂውን አይቀበልም።

አዲሱ ዲስክ ከቀድሞው ካነሰ ግን ይህ ዘዴ አይረዳችሁም። የ500 ጊጋባይት ዲስክ ባክአፕ በ480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ አልመለስ የሚለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ውስጡ ያለው ፋይል ጥቂት ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን አረጋግጡ።