የድሮ የኢንሹራንስ ወረቀት እንዳትጥሉ

አሜሪካ ውስጥ የቆየ ድራይ ክሊነር ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። ልብስ ማጠቢያው ኬሚካል፣ ፐርክ የሚሉት፣ ወለል ሰርጎ አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ይበክላል። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱፐርፈንድ ሕግ፣ የተበከለ ቦታን ማን ያጽዳ የሚለው፣ ደግሞ የአሁኑን ባለቤት ጭምር ይጠይቃል። ያፈሰሰው ሌላ ሰው ቢሆንም! የማጽዳቱ ወጪ ንግዱን ሊያዘጋ ይችላል።

ታዲያ ይህን ወጪ ሊከፍሉ ስለሚችሉ፣ ከ1986 በፊት የተገዙ የንግድ ኃላፊነት ኢንሹራንሶችን (ንግዱ በሌላ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍሉትን) ፈልጉ። ብክለትን ጠቅልሎ የሚያስቀረው አንቀጽ በሰፊው የገባው ያኔ ነው። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ጉዳቱ የደረሰው ውሉ በሚሠራበት ጊዜ ከሆነ ይከፍላሉ፤ ጥያቄው ከ40 ዓመት በኋላ ቢመጣም። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያሉት ግን «ድንገተኛ» ብክለትን ብቻ የሚሸፍን ቃል አለባቸው፤ ፍርድ ቤቶች ከስቴት ስቴት ለየብቻ ይተረጉሙታል።

ውሉ ራሱ ከጠፋ ተስፋ አትቁረጡ። የድሮ ቼክ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ ለአከራይ ወይም ለባንክ የተሰጠ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ፍንጭ ይሆናል። ይህንኑ ፈልፍለው የሚያወጡ ባለሙያዎችም አሉ፤ የኢንሹራንስ አርኪዮሎጂስት ይባላሉ፣ እውነቴን ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ የስቴቱን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን፦ ቤቱን ስትገዙ የኢንሹራንስ ውሉ አብሮ አይመጣም፤ ንብረትነቱ የቀድሞው ባለንግድ ነው። በእሱ በኩል መሄድ ሊኖርባችሁ ይችላል። ደግሞም ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ሳታሳውቁ ማጽዳት አትጀምሩ፤ ያለፈቃድ ያወጣችሁትን አልከፍልም ሊል ይችላል። መጀመሪያ ጠበቃ።