ቡድን ሲሸነፍ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ስልት ይሁን የተጫዋቾቹ አፈጻጸም እንዴት ይለያል?

ባሕር ዳር ከነማ ነጥብ በጣለ ማግስት ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በየቡና ቤቱ የሚነሳው ክርክር ያው ነው፤ ግማሹ «አሰልጣኙ ይሰናበት» ሲል ሌላው «ተጫዋቾቹ ማልያውን አይመጥኑም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርዱት ውጤቱን ብቻ አይተው ስለሆነ፣ አሰልጣኝ ከተቀየረ በኋላም ያው ጎል በያው መንገድ ሲቆጠር እንመለከታለን።

በቅድሚያ የሚጠየቀው ስህተቱ ማንን እንደሚከተል ነው። አንድ የግራ መስመር ተከላካይ በየጨዋታው ቦታ ሲያጣ ከታየ፣ ከዚያም በቅያሪ የገባው ሌላ ተጫዋች በዚያው ቦታ በዚያው መንገድ ከታለፈ፣ ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የአደረጃጀቱ ነው። በአንጻሩ በዙሪያው ያሉት ሁሉ በቦታቸው ቆመው ሳለ እርሱ ብቻ ኳስ የሚነጠቅ ከሆነ ችግሩ የአፈጻጸም ነው። ይህን ለማየት ዓይንን ከኳስ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። ተከላካዩ ለማጥቃት ወደ ፊት ሲሄድ የተከላካይ አማካዩን ተመልከቱት፤ ወደተለቀቀው ቦታ ጠጋ ብሎ ይሸፍናል ወይስ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀራል? በሁሉም ጨዋታ የማይሸፍን ከሆነ ይህ የተሰጠው ሥራ እንዳልሆነ መገመት ይቻላል፤ አንዳንዴ ሸፍኖ አንዳንዴ የሚዘነጋ ከሆነ ግን ሥራውን ያውቀዋል፣ አልፈጸመውም ማለት ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል ይህ በደንብ የሚታየው ስታዲየም ውስጥ፣ ከፍ ካለ መቀመጫ ላይ ሲኮን ነው።

ሁለተኛው የግብ ዕድል ነው። በእግር ኳስ በአማካይ ከአሥር ሙከራ አንድ ያህሉ፣ ከአራት ፍፁም ቅጣት ምት ደግሞ ሦስት ያህሉ ጎል ይሆናል። ስለዚህ ቡድኑ ግብ ጠባቂው ፊት ደጋግሞ እየደረሰ ካመከነ ስልቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ጨርሶ የማይደርስ ከሆነ ግን አጥቂውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ብሔራዊ ቡድናችን በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ ከ31 ዓመት በኋላ የተሳተፈበት የ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሁለቱንም ያሳያል። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 በተለያየንበት ጨዋታ ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት አመከነ፤ ይህ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው፣ የትኛውም አሰልጣኝ ከዚያ የተሻለ ዕድል ሊያመቻች አይችልም። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስንሸነፍ ግን ሦስቱ ጎሎች የተቆጠሩብን የእነርሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ፣ በ10 ተጫዋቾች ላይ ስንጫወት ነው። በእኔ እምነት ይህ በአንድ ተከላካይ ላይ የሚላከክ አይደለም፤ ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ስንወጣ የኋላው በማን እንደሚጠበቅ የሚያስጠይቅ የአደረጃጀት ጉዳይ ነው።

ሜዳውንም ማየት ይገባል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሌላ ከተማ ክረምት ላይ በጭቃ የሚጫወት የሰፈር ቡድን አጭር ቅብብሉ ቢበላሽ፣ እግሩ ከመወቀሱ በፊት ኳሱ በዚያ ሜዳ ላይ መንከባለል መቻሉ ይታይ።

አስቸጋሪው፣ ስልቱ ለብቻው ሲታይ ትክክል ሆኖ ከተጫዋቾቹ አቅም በላይ ሲሆን ነው። ፍጥነት የሌላቸውን ተከላካዮች እስከ መሐል ሜዳ አስጠግቶ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ፣ ከጀርባቸው በተጣለ ረጅም ኳስ ጎል ሲቆጠርበት «አልሮጡም» ብሎ ሊያመካኝ አይገባውም፤ ያሉትን ተጫዋቾች አይቶ ስልት መምረጥ የእርሱ ሥራ ነውና ይህን እኔ በአሰልጣኙ ላይ አስመዘግባለሁ።

ለመፍረድ አንድ ጨዋታ አይበቃም። ቢያንስ በአምስት ተከታታይ ጨዋታዎች ለተቆጠረ ጎል ሁሉ ኳሱ የት እንደተነጠቀ፣ ቦታውን መሸፈን የነበረበት ማን እንደነበር፣ ያ ተጫዋች በሰዓቱ በቦታው ነበር ወይስ አልነበረም የሚሉትን ሦስት ነገሮች በደብተር ጻፉ፤ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት የተቆጠሩትን ለብቻ አስቀምጡ፣ እነዚህ በልምምድ ላይ በቀጥታ የሚሠራባቸው ስለሆኑ ሲደጋገሙ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሰልጣኙ ነው።